የወታደሩ ሐውልት ጀርባ

ናይሮቢ፣ ጊጊሪ ሰፈር በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት በአስተርጓሚነት በምሠራበት ዘመን ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መሃል ከተማ ስዘዋወር፣ የቆየ ሲኒማ ቤት በር ላይ «የፈረሱ ሐውልቶች» የሚል ማስታወቂያ አየሁና ገባሁ። አዳራሹ ጨልሟል። ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር የሚታየው ምስል ግን ባለሁበት አቆመኝ፤ ያደግኩበት ከተማ አደባባይ ላይ የነበረው፣ ችቦ የያዘው የሲሚንቶ ወታደር! መንግሥት ሲለወጥ ሰው በገመድ ጎትቶ ጥሎታል።

ምስሉን የሠራችው ኬንያዊት ወጣት ኮምፒውተሯ አጠገብ ቆማለች፤ ግድግዳው ፊት ወለሉ ላይ ምንጣፍ ተነጥፏል። «ምንጣፉ ላይ ውጣ» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

ወጣሁ። በቀኝ እግሬ ስረግጥ ወታደሩ ወደ ቀኝ ዞረ፤ በግራዬ ስረግጥ ተመለሰ። ደስ ብሎኝ ዙሪያውን አዞርኩት። ጀርባው ሲመጣ ግን ልሙጥ ግራጫ ብቻ ሆነብኝ።

«ያገኘኋቸው ፎቶዎች በሙሉ ከፊት የተነሡ ናቸው» አለች። «ሐውልት ጀርባ ቆሞ ፎቶ የሚነሣ ሰው የለም። አንተ ታስታውሰዋለህ?»

ስምንት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት ስሄድ በአጠገቡ አልፌያለሁ። ምንም ትዝ አላለኝም። እሑድን ሙሉ ነገሩ ሲከነክነኝ ዋለ።

ሰኞ ዕለት ኪሊማኒ ሰፈር፣ ዘወትር ምሳ የምበላበት የሐበሻ ምግብ ቤት ሄጄ ለባለቤቷ አጫወትኳቸው። ናይሮቢ ብዙ ዓመት የኖሩ፣ ሃምሳን ያለፉ ሴት ናቸው። የከተማዬን ስም ስጠራ ሰሃኑን እንደያዙ ቆሙ።

«በር ነበረው» አሉ።

«የምን በር፣ እትዬ?»

«ከጀርባው፣ ከታች፣ ትንሽ የብረት በር። አባቴ የአደባባዩ አትክልተኛ ነበር። ዕቃውን የሚያስቀምጠው እዚያ ነው። ዝናብ ከያዘን ምሳውን ውስጥ ገብተን አብረን እንበላ ነበር።»

«ወታደሩ ሆድ ውስጥ?»

«እግሩ ሥር ነው እንጂ!» ብለው ሳቁ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ይዣቸው ሄድኩ። ላስተረጉም ተዘጋጅቻለሁ፤ እሳቸው ግን በስዋሂሊ በቀጥታ ከልጅቷ ጋር ወግ ጀመሩ። ግድግዳው ድረስ ሄደው «ሃፓ! ሃፓ!»፣ እዚህ ጋ፣ እያሉ ቦታውን በጣታቸው አሳዩዋት፤ ውስጡ የነበረውንም ዕቃ ነገሯት። ልጅቷ እዚያው ተቀምጣ በሩን ሣለችው። ከፍ ስታደርገው እትዬ ወደ እኔ ዞረው «አባቴ እኮ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው» ይላሉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጅቷ ደወለችና ተመልሰን ሄድን። እትዬ ምንጣፉ ላይ ወጥተው ወታደሩን አዞሩት። በሩ ፊት ለፊታቸው ሲመጣ ተከፈተ። ውስጡ የተጠቀለለ የውሃ ጎማና አካፋ አለ፤ ሚስማር ላይ ካፖርት ተሰቅሏል።

«ካፖርቱ ሰማያዊ ነበር» አሉ እትዬ በስዋሂሊ፣ በቀስታ። ልጅቷ ቀለሙን ቀየረችው። እትዬ ከምንጣፉ ሲወርዱ እጄን አጥብቀው ያዙ።

ከኋላችን ተራ ይጠብቅ የነበረ አንድ ሐበሻ ግን ጣልቃ ገባ። «ይሄ ስህተት ነው። አደባባዩ ዳር ሱቅ ነበረኝ። ሐውልቱ በር አልነበረውም።»

«ወንድሜ፣ ለመሆኑ ከጀርባው ዞረህ አይተህ ታውቃለህ?» አሉት እትዬ።

ምን እንደተባባሉ ለልጅቷ ነገርኳት። ጥቂት አሰበችና በሩን እንደማታጠፋው ነገረችን፤ ለሰውየውም ምንጣፉን አሳየችው። እያቅማማ ወጣ። በሩ ሲከፈትለት አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ ተመለከተ።

«ይሄን ያህል ሰፊ ነበር እንዴ?» አለ።