ይታገሱ በሥዕል ያፈረሰው ጎጆ

መርሳ ላይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ውስጥ ይታገሱ የሚባል የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰው ይሠራል። ማመልከቻ ይጽፋል፣ የኪራይ ውል ያትማል፣ የጉርድ ፎቶ ጀርባ ነጭ ያደርጋል። ከተማው የሚያውቀው በዚህ ነው። የማያውቀው ግን ከምሳ በኋላ፣ ደንበኛ ቀዝቀዝ ብሎ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታንቋቋ፣ ይታገሱ ወልዲያ ኮምፒውተር ሲማር የገዛትን አሮጌ ላፕቶፕ ከፍቶ ሌላ ዘመን ውስጥ መግባቱን ነው።

የሚከፍተው የድሮ ነገሥታት፣ የግንብና የፈረሰኛ ዘመን የጦርነት ጌም ነው። ሌላው ሰው ወታደር ሊያሰልፍበት፣ የጠላት ቅጥር ሊንድበት ይከፍተዋል። ይታገሱ ግን ተዋግቶበት አያውቅም። እሱን የያዘው የካርታ መሥሪያው ነው። ጌሙ ባዶ ሜዳ ይሰጠዋል፤ እሱ ወንዙን ያፈስሳል፣ ገደሉን ይከምራል፣ ከድንጋዩ ሥር ቁጥቋጦ፣ ከቁጥቋጦው ሥር ደግሞ ቢጫ ሣር ያስገባል። አንዲት ዛፍ ሊተክል አሥር ጊዜ ይነቅላል። ሁሉም ሲያምርለት ቁጥሩንና ቁልፉን ከስክሪኑ ላይ ያጠፋና ፎቶ ያነሳዋል። ያን ስክሪንሾት እንደሱ ለውበት ብቻ ካርታ የሚሠሩ የየአገሩ ሰዎች ወደሚሰበሰቡበት የኢንተርኔት ቡድን ይልከዋል። እዚያ ጦርነት የሌለበት ካርታ የሚሠራው ሰውዬ ተብሎ ይታወቃል።

ሲሠራ ያንጎራጉራል። አምባሰል ሲሆን ተራራው ከፍ ይላል፤ ትዝታ ሲሆን ወንዙ ይጠማዘዛል። ግጥሙንም ከራሱ ያወጣዋል፦

አገሬን ሳልኩልሽ ከዛፍ ከወንዝ ጋራ፤
ሰው ብቻ ረሳሁ ሣር ቅጠል ስጠራ።

ይቺን ሲያንጎራጉር ቃሏ ዞራ እሱኑ እንደምታገኘው አላወቀም ነበር።

ባለፈው ክረምት ቡድኑ ውድድር አወጣ፤ እያንዳንዱ ሰው ያደገበትን ቦታ በካርታ ይሥራ ተባለ። ይታገሱ ያደገው ከግራና ከተማ በላይ፣ በእግር አንድ ሰዓት ተወጥቶ በሚገኝ መንደር ነው። እናቱ የሞተችው በአራት ዓመቱ ነበር፤ የእናቱ እህት ዘነበች አዝላ ወሰደችው። ልጅ አልነበራትም። እቴቴ እያለ ነው ያደገው፤ እንደ እናትም «አንቺ» እያለ። የትምህርት ቤት ደብተሩን ዝናብ እንዳይነካው በቡሉኮዋ ጠቅልላ፣ እሷ እየረጠበች ወንዝ ታሻግረው ነበር።

ተራራውን ሠራ። ዋርካዋን ሠራ። በዚያ ጌም ውስጥ የወሎ ጎጆ የለምና ከአንዲት ትንሽ ደሳሳ ቤት አናት ላይ የድርቆሽ ክምር ደርቦ የሣር ክዳን አስመሰላት። የጎረቤቶቹ ቤት ሁሉ በየቦታው ተተከለ። የእቴቴ ቤት ላይ ሲደርስ ግን እጁ ቆመ።

የእቴቴ ክዳን በስተምሥራቅ በኩል ያፈሳል። እሷ በሰማያዊ ላስቲክ ሸፍናው አራት ድንጋይ ጭናበታለች። በግንቦት ሊጠይቃት ሄዶ አይቶት «ለሰኔ ሚካኤል መጥቼ እከድነዋለሁ» ብሎ ነበር። የሰኔ ሚካኤል ግን ውድድሩ በወጣበት ሳምንት ዋለ። ሐምሌ ሄደ፣ ነሐሴም ሄደ፤ ይታገሱ ዛፍ ሲተክል ክረምቱ አለቀ።

ላስቲኩን በካርታው ላይ ሊያስገባው ሞከረ፤ አላማረም። ደህና ክዳን ሊያለብሳት ሞከረ፤ እሱም የሆነ ነገር ከነከነውና አነሳው። በመጨረሻ ጎጆዋን አጠፋና በቦታዋ ፍርስራሽ አስቀመጠ፦ ግማሽ ግድግዳ፣ ውስጡ የበቀለ ሣር፣ ግድግዳው ጫፍ ላይ ሁለት ቁራዎች። ያኔ ሥዕሉ ነፍስ ዘራ። ሁለተኛም ወጣ። አንድ የሩቅ አገር ሰው «ያቺ የፈረሰች ቤት አስለቀሰችኝ» ብሎ ጻፈለት፤ ይታገሱም ያን ቀን ሙሉ ደስ ብሎት ዋለ።

ደስታው እስከ ጥቅምት ቆየ። ከጎኑ የስልክ ሱቅ ያለው ኢሕሳን እናቱን ሊጠይቅ ግራና ሄዶ ተመለሰ።

«ስማ ባለ ሥዕሉ፣ አክስትህን ገበያ ላይ አገኘኋቸው» አለው በሩን ደገፍ ብሎ። «'እትዬ ዘነበች፣ ልጅዎ አገራችንን ዓለም ፊት አቆማት' ብዬ በስልኬ አሳየኋቸው።»

የይታገሱ ጣት ኪቦርዱ ላይ ቀረ። «ምን አለች?»

«ወላሂ፣ ሁሉንም አወቁት! 'ይቺ ዋርካችን፣ ይሄ የንጉሴ ግቢ፣ ይሄ የሁሪያ በር' እያሉ በጣታቸው መንደሩን ዞሩት። ከዚያ 'እስቲ አስጠጋልኝ' አሉኝ። አስጠጋሁላቸው። 'ቤቴ መቼ ወደቀ?' አሉኝ።»

«አንተስ?»

«ሳቅሁ። ጌም እኮ ነው አልኳቸው። እሳቸውም ሳቁ።» ኢሕሳን አንገቱን አከከ። «ብቻ ሳቃቸው ቶሎ አለቀ።»

ይታገሱ አገሩን ያውቃል። እዚያ ሰው የሚኖርበትን ቤት «ቢወድቅ» ብሎ አፍ የሚከፍት የለም፤ ሟርት ነው። እሱ ደግሞ አውድቆ፣ ሣር አብቅሎበት፣ ቁራ አስቀምጦበት በገበያ መሐል እንድታየው አደረጋት። መደወል ነበረበት። የተማሪዎች ፎቶ በዝቷል አለ። ቀጥሎ ስልኳ ባትሪ አይኖረውም አለ። ሰበብ ለማግኘት አልተቸገረም።

በሳምንቱ ኢሕሳን እንደገና ከግራና ሲመለስ በመሐረብ የተቋጠረች ትንሽ ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖረለት። «አክስትህ 'ካንተ እንዳይጠፋ' ብለዋል።»

ይታገሱ ፈታው። የእናቱ የብር መስቀል ነበር። ገና ልጅ ሳለ ይህን መስቀል ለመንካት ሲያለቅስ እቴቴ «ስሞት ትወስደዋለህ፤ እስከዚያ አንገቴ ላይ ነው» ትለው ነበር። መስቀሉን ጨብጦ ተቀመጠ። ወረፋ የያዘ ሰው «ወንድም፣ ማመልከቻዬ?» እስኪለው ድረስ የት እንዳለ ረሳው።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ዘግቶ በሚኒባስ ግራና ወረደና ሽቅብ መራመድ ጀመረ። እኩለ መንገድ ላይ የእቴቴ ጎረቤት ንጉሴ ሙቀጫ ተሸክሞ ሲወርድ አገኘው።

«እንዴ! አንተም በእግርህ ትሄዳለህ?» አለ ንጉሴ ሙቀጫውን አውርዶ። «እኛ እኮ በስልክ ብቻ የምትታይ መስሎን ነበር።»

«እንደምን አደሩ ጋሼ ንጉሴ። ይሄ የእቴቴ ሙቀጫ አይደለም?»

«ነበር። ትናንት ለኔ ሆነ፤ ለሙሽራው ልጄ ላደርሰው ነው። ማሰሮውን ለሁሪያ ሰጧት። እኔማ እንቢ ብዬ ነበር፤ 'ካልወሰድከው ወንዝ እሰደዋለሁ' አሉኝ። አክስትህን ታውቃቸው የለ።»

«ወዴት ልትሄድ ነው?»

«ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከእማሆዮቹ ዘንድ ክፍል ጠይቀዋል። ለእሁድ ይገባሉ።» ንጉሴ ዓይኑን ከሱ ላይ አነሳ። «'ልጄ ወድቆ አይቶታል፤ የተማረ ልጅ ያየውን እኔ ምን ብዬ እንቢ እላለሁ' ይላሉ።»

የቀረውን መንገድ ሲወጣ ድንጋዩንም ቁጥቋጦውንም አንድ በአንድ ያውቃቸው ነበር፤ በጣቱ ተክሏቸዋልና። በየእርምጃው ከእግሩ ሥር የሚነሳውን አቧራ ግን በካርታው ላይ አልሠራውም ነበር።

እቴቴ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የአልጋዋን ጠፍር ትፈታለች። ዝቅ ባለ ድምፅ ታዜማለች፦

ዝናቡን አልፈራም ይዝነብ እንደ ልቡ፤
ሰው የጠፋበት ቤት ይበርዳል ድባቡ።

ስታየው ዜማውን አቆመች። «መጣህ?»

«መጣሁ፣ እቴቴ።»

«ቆመህ አትቅር። ያቺን ጫፍ ያዝልኝ።»

ያዘላት። ሁለቱም ጠፍሩን ሳቡ፤ እሷ ትፈታለች፣ እሱ ይጠቀልላል። ቤቷን ለማፍረስ እየረዳት መሆኑ የገባው እኩሌታው ሲያልቅ ነው። ለቀቀው። መስቀሉን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላት፤ በእጇ ጀርባ ገፋችበትና ወደ ኪሱ መለሰው።

«እቴቴ፣ ያ ሥዕል ሟርት አይደለም። ምንም ያየሁት ነገር የለም።»

«ታዲያ ለምን አፈረስከው? የንጉሴን አላፈረስክ፣ የሁሪያን አላፈረስክ።»

«ላስቲኩ ነው። ሰማያዊው ላስቲክ ሥዕሉን አበላሸብኝ።»

«ላስቲኩን ማን አለበሰው?»

«አንቺ።»

«ለምን?»

ይታገሱ አንገቱን ደፋ። «ለሰኔ ሚካኤል እመጣለሁ ብዬሽ ስለቀረሁ።»

እቴቴ ጠፍሩን ከጭኗ አወረደች። «እኔ እኮ እግዜር አሳይቶት ይሆናል ብዬ ስንት ሌሊት ፈራሁ። ለካ አፍረህብኝ ነው!»

«ባንቺ አይደለም፤ በራሴ አፍሬ ነው» አለ። ሲለው እውነት ይሁን አይሁን እሱም አላወቀም።

«እዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ጎጆ ለማቆም ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ሁለት ደቂቃ።»

«ለማፍረስስ?»

«አንዴ መጫን ነው።»

«እዚህማ አራት ወር ፈጀብህ» አለችና ሳቀች። ሳቋ የእውነት ሳቅ ነበር፤ የባሰ ያቃጠለውም እሱ ነው።

ያን ቀን ወደ መርሳ አልተመለሰም። ንጉሴ ሲመለስ ለመነው፤ ንጉሴም እየተሳደበ ማጭዱን አነሳ። ሰንበሌጥ የደረሰበት ወር ነበርና ሁለት ቀን አጨዱ፤ በሦስተኛው ቀን መንደሩ በደቦ ወጣ። ይታገሱ ራሱ ወጥቶ ላስቲኩን ሲገነጥለው ከሥሩ ያለው ወራጅ እንጨት እንደ እርጥብ ዳቦ ጣቱን አስገባው።

«ሌላ ክረምት አይችልም ነበር» አለ ንጉሴ ከታች ሆኖ። «ሟርቱ አልዋሸም።»

«አንተ ዝም በል!» አለች እቴቴ። «ልጁን ከላይ ልትጥለው ነው?»

«ይውደቅ! ቢያንስ ወደ ሰው ይወድቃል።»

ሁሉም ሳቁ። ይታገሱ ብቻ ፊቱን ወደ ሣሩ አዞረ። ሥዕሉ ላይ ያ ክዳን ደህና ሆኖ ሲሠራው ለምን እንደከነከነው አሁን ገባው። እንደሚወድቅ ያውቅ ነበር። እያወቀ ነው ፍርስራሹን ያሳመረው።

ቅዳሜ ከሰዓት ክዳኑ አለቀ፤ ጉልላቱም ተተከለ። እቴቴ ቤቱን ዞራ አየችው፣ መረቀችው፣ «በቃ አልሄድም፤ ክፍሉን ለሌላ ይስጡት» አለች። ደቦው እልል አለ። ይታገሱ ኢሕሳን ካወራለት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቱ ቀለል አለው።

ሰው ከተበተነ በኋላ የተረፈውን ገመድ ሊሰበስብ ከቤቱ ጀርባ ዞረ። ከግድግዳው ወዲያ እቴቴና ሁሪያ ያወራሉ።

«እሰይ ቀሩልን፤ አልሐምዱሊላህ» አለች ሁሪያ።

«ብሄድ ይሻለኝ ነበር፣ እህቴ። እዚያ ሌሊት የሚያስል ሰው አጠገብሽ አለ፤ ጠዋት 'አደርሽ ወይ' የሚል አለ። ሣሩንማ ምን ላደርገው? ግን የልጁን ፊት አይተሽዋል? ብሄድ በራሱ የሚፈርድ ነው። ትንሽ ልቆይለት።»

ገመዱ ከእጁ ወደቀ። ላስቲኩ ሥር የነበረው ቀዳዳ ጣራው ላይ ብቻ መስሎት ነበር። አሁን ደግሞ ለእሱ ጸጸት ስትል በባዶ ቤት ልታድርለት ነው። ዝም ብሎ ወደ መርሳ ሊወርድ ይችል ነበር፤ ማንም አያውቅበትም። ለአፍታም አሰበው። ከዚያ ዞሮ ገባ።

«እቴቴ፣ ሂጂ።»

«ጆሮ አለህ ለካ።»

«ለኔ ብለሽ አትቆዪ። ሰው ባለበት ሁኚ። አልጋሽን እኔ እሸከማለሁ።»

ሁሪያ ወደ ሁለቱም አየችና ቀስ ብላ ወጣች። እቴቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ነካ ነካ አደረገችው፤ እንቢ አላለችም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አልጋውን በአናቱ ተሸክሞ ከኋላዋ ተከተላት። ከአልጋው ሥር የሚታየው የእሷ ተረከዝ ብቻ ነበር። በአዲስ ሣር የተከደነችውን ቤት የንጉሴ ሙሽራ ልጅ እንዲገባባት ለቀቀችለት። እማሆዮቹ በር ላይ ተቀበሏቸው።

«ልጅዎ ነው?» አለች አንዷ።

«ልጄ ነው። ባለ ሥዕሉ።»

«ታዲያ እኛንም ይሳለን!»

«ይተዉ እማሆይ፣ ይቅርብን» አለች እቴቴ፤ ሴቶቹም ምን እንደሆነ ሳያውቁ ሳቁ።

ክፍሏን ጠርጎ፣ አልጋዋን አበጅቶ፣ ውኃ ቀድቶ ሲጨርስ ፀሐይ ዘንበል ብላ ነበር። እቴቴ እስከ ግቢው በር ሸኘችው። ጉንጩን ስማ፣ ትከሻው ላይ የቀረ የሣር ብናኝ አራገፈችለት። ይታገሱ ሊናገር አፉን ከፈተ።

«ቅዳሜ እመጣለሁ እንዳትለኝ» አለችው። «ከመጣህ አይሃለሁ።»

እጅ ነስቶ መንገዱን ወረደ። ግራና ደርሶ ሚኒባስ ሲሳፈር ያልተናገረውን ቃል እያሰበ ነበር፤ ረዳቱ «ወደ የት ነህ?» ሲለውም ሁለት ጊዜ አስጠየቀው።