ከፈላና በር ሶፊ፣ በአባቴ እግር

ሌላው ስደተኛ ታሪኩን ሲጀምር «ሌሊት ነበር» ይላል። እኔ ግን ከሐረር የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ ምሳውን በልቶ፣ ጫቱን ይዞ ጋደም ባለበት ሰዓት ነው። ሰዓቱን የመረጥኩት እኔው ነኝ። የፈላና በር ሰው ሻንጣ የያዘች ሴት ካየ «ወዴት ነው? ከማን ጋር? ማን ሞተ?» ሳይል አያሳልፍም፤ እኔ ደግሞ ለአንዱም መልስ አልነበረኝም። ለምን እንደወጣሁ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሁለት ጊዜ ተናግሬያለሁ። ለእናንተ ሦስተኛ አልደግመውም፤ ይቅር በሉኝ።

ሻንጣዬን የያዙት አባባ ነበሩ። አባቴ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ከመንዝ «ለሁለት ዓመት ብቻ» ተብለው ተመድበው መጡ፤ ይኸው ጡረታ ወጥተውም እዚያው ናቸው። እናቴ ሕፃን ሳለሁ ስላረፈች ቤታችን እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን።

«ቢያንስ ጎረቤቱን ተሰናበቺ እንጂ፣ ሰብለ» አሉኝ።

«አባባ፣ ጎረቤቱን ከተሰናበትኩማ መኪናው የሚያገኘኝ የዛሬ ሳምንት ነው።»

እውነቴን ነው። እኛ ሰፈር ሰላምታ ማለት ቁጭ ማለት ነው። ስለዚህ በጓሮ በኩል እንደ ሌባ ሹልክ ብለን ወጣን፤ አባባም ሰው እንዳያያቸው አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። መናኸሪያው ደርሰን ሲለዩኝ አላለቀሱም። «ወደ ሰሜን በሄድሽ መጠን ጥላሽ እየረዘመ ይሄዳል፤ እንዳትደነግጪ» አሉኝ። እኔም ልጅ ሆኜ እንደማደርገው «እሺ ቲቸር» አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ነው ያለቀስኩት፣ እስከ አዋሽ ድረስ።

መተማ፣ ካርቱም፣ በረሃው፣ ሊቢያ፣ ባሕሩ። ያየው ያውቀዋል፤ ያላየው ባያውቀው ይሻለዋል። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ጀልባዋ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ የሶፊን መንገድ እሄድ ነበር። አባባ ከከተማው ውጭ ሶፊ በምትባል ገጠር ያስተምሩ በነበረ ጊዜ ሰኞ ጠዋት አብሬያቸው እሄድ፣ ዓርብ ከሰዓት አብሬያቸው እመለስ ነበር፣ ስድስት ዓመት ሙሉ። ከቤታችን በጠባቡ መንገድ ወደ ጊደር መጋላ ገበያ፣ ቅመም ሻጮቹን አልፎ በኤረር በር መውጣት፣ ከዚያ የጫት ማሳ፣ ማሽላ፣ ቁልቁለት፣ ደረቁ ወንዝ፣ ዳገት፣ ሶፊ። ማዕበሉ በጣለን ቁጥር «አሁን ቅመም ሻጮቹ ጋ ነኝ» እላለሁ። አላህ ይሁን እግዚአብሔር፣ ብቻ አንዳቸው አሻገሩኝ።

መጨረሻዬ ኖርዌይ ሆነ። የስደተኞች መሥሪያ ቤቱ ሰውዬ፣ ቀጭን፣ ጨዋ፣ ውሃ ሳይቀር የቀዳልኝ ሰው፣ የሐረርን ካርታ አትሞ ፊቴ ዘረጋ።

«ቤትሽን አሳዪኝ።»

አየሁት። ከጀጎል ግንብ ውስጥ የተሠመረው አንድ ሁለት መንገድ ብቻ ነው፤ የቀረው ነጭ ነው። ጣቴን ነጩ ላይ አሳረፍኩ።

«እዚያ መንገድ የለም» አለ።

«ታዲያ እኔ በክንፍ ነበር የምገባ የምወጣው?»

አስተርጓሚው አልተረጎመውም። ሰውዬው ቀጠለ፦ «የመንገዱ ስም? የቤት ቁጥር?»

«አስተማሪው ቤት ካልክ ማንም ያደርስሃል።»

ጻፈው። ማመልከቻዬ መጀመሪያ ውድቅ ሲሆን ከምክንያቶቹ አንዱ «የመኖሪያዋን አድራሻ በበቂ ሁኔታ ማስረዳት አልቻለችም» የሚል ነበር። በይግባኝ ነው መኖሪያ የተፈቀደልኝ። ያገኘሁት የጉዞ ሰነድ ለሁሉም አገር ይሠራል፣ ከኢትዮጵያ በስተቀር። ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አትጠይቁኝ።

ስለ ብርዱ ሌሎች ጽፈውላችኋል፤ እኔን የገደለኝ ዝምታው ነው። ከታች የምትኖረውን አከራዬን በየጠዋቱ «እንዴት አደርሽ? ልጆቹስ? ጉልበትሽስ?» እላታለሁ። በሳምንቱ በሬ ሥር ወረቀት ተሰክቶ አገኘሁ። «ቅሬታ ካለሽ እባክሽ በጽሑፍ አቅርቢ» ይላል። ወይ ጉድ! አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ወንበር ሲለቀቅ ተነሥቶ ወደዚያ ይሄዳል። ምሳቸው ራሱ ብቸኛ ነው፤ ማትፓኬ ይሉታል፣ ሁለት ቁራሽ ዳቦ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ እያንዳንዱ የየራሱን በየጥጉ። የሐረር ሰው ብቻውን ሲበላ ከታየ እኮ ታሟል ተብሎ ይጠየቃል።

አንድ እሑድ ግን ቢጨንቀኝ ከከተማው ጀርባ ወዳለው ተራራማ የተፈጥሮ ፓርክ ወጣሁ። ሽማግሌ ባልና ሚስት ከላይ ሲወርዱ አገኙኝና «ሃይ ሃይ!» አሉኝ፣ በፈገግታ። ቀጥሎ የመጣውም «ሃይ ሃይ!»። ለካ እነዚህ ሰዎች ከተማ ውስጥ የነፈጉትን ሰላምታ የሚሰጡት ተራራ ላይ ነው! ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰኛል? ሰላምታ ፍለጋ በየሳምንቱ ተራራ እወጣ ጀመር።

ኢንገርን የተዋወቅኳት እዚያ ነው። ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ አንገቷ ላይ መዳፍ የምታህል ቢጫ መሣሪያ አንጠልጥላ፣ መንገዱ ሁለት የሚሆንበት ቦታ ቆማ ማስታወሻ ትይዛለች። ጂፒኤስ ነው አለችኝ። በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ፓርኩን ተከፋፍለው እያንዳንዱን የእግር መንገድ ይረግጣሉ፣ መሣሪያው የረገጡትን ይመዘግባል፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ቤተ መጻሕፍት ይሰበሰቡና ኮምፒውተር ላይ ካርታ ያደርጉታል። ከዚያ ማንም መንገደኛ በመሣሪያው ጭኖ ሳይጠፋ ይሄዳል። ዱግናድ ይሉታል፤ ደቦ በሉት፣ ጠላ የሌለው ደቦ።

ገባሁበት። እንደ እኔ መንገድ የራባት ሴት ከየት ይገኛል? ረግረጉን፣ የእንጨት ድልድዩን፣ የወደቀውን ዛፍ ሁሉ መዘገብኩ። ኢንገር ሕግ አክባሪ ናት፤ የቡድኑ ሕግ ደግሞ አንድ ነው፦ ያልረገጥሽውን አትሣዪ። ከትዝታ የለም፣ ከወሬ የለም።

አንድ ማክሰኞ ነው ካርታው የዓለም ሁሉ መሆኑን ያወቅኩት። ኢንገር ወደ ደቡብ፣ ወደ ደቡብ ጎተተችውና ሐረር ላይ አቆመችው። ያው ነጭ። ውስጤ የተቆጣው ነገር ምን እንደነበር አላውቅም፣ ብቻ ብዕር አንሥቼ የሶፊን መንገድ ወረቀት ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሣልኩላት።

«ረግጠሽዋል?»

«ስድስት ዓመት!»

«መሣሪያ ይዘሽ?»

በማግሥቱ ለአባባ ደወልኩ። «አባባ፣ በልጅነቴ የሄድንበትን መንገድ አንዴ ይርገጡልኝ። የረገጡትን የሚመዘግብ ስልክ እልክልዎታለሁ፤ ኪስዎ ውስጥ ከትተው መሄድ ብቻ ነው።» ደስታቸው! «ካርታ ልንሠራ ነዋ!» አሉ። ስልኩን በሰው ላክሁ። አብሮ አደጌ ረምላ እዚያው ሰፈር ስልክ ትጠግናለችና አጠቃቀሙን አሳየቻቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወሉልኝ። «ሶፊ ደረስኩ፣ ሻይ ጠጣሁ፣ በመኪና ተመለስኩ። መንገዱ እንደ ነበረ ነው» አሉኝ። ድምፃቸው ትንሽ ደክሞብኝ ነበር፤ መንገዱ ነው ብዬ አለፍኩት።

ረምላ የላከችውን ፋይል ማክሰኞ ዕለት ከፈትነው። ኢንገር መነጽሯን አስተካክላ አየችና «ስልኩ ተበላሽቷል» አለች። መስመሩ ከቤታችን ወጥቶ አሥር እርምጃ ሳይሄድ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል፤ ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል። እስከ ጊደር መጋላ ድረስ እንደዚያው ነው። «ይህን ሁሉ ስህተት እናጠፋዋለን፤ ቀጥታውን ብቻ እናስቀራለን» አለች።

«እንዳትነኪው!» አልኳት፤ በሳቅና በእንባ መካከል ሆኜ። «ስህተት አይደለም፣ ሰላምታ ነው። ይሄ ልብስ ሰፊው ነው። ይሄ የረምላ እናት ቤት። ይሄ ሃያ ደቂቃ የቆሙበት የበርበሬ ነጋዴዋ ናት፤ ስድስት ልጆች አሏት፣ የስድስቱንም ጤና ጠይቀው ነው።» በየቤቱ ምን እንዳሉ በኋላ ነገሩኝ። «ሰብለ ሳትሰናበታችሁ ነበር የሄደችው፤ እኔ ይቅርታ ልጠይቅላት መጣሁ» ሲሉ ነው የዋሉት። በሐረሪኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ እንደየቤቱ።

ኢንገር ሳቀች። ከዚያ መስመሩ ከኤረር በር ወጣና ሳቋ ቆመ። ከከተማው ወዲያ ጫትና ማሽላ ብቻ ነው፤ መስመሩ ግን አሁንም ይቆማል። ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል። ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል።

«እዚህስ ማን ይኖራል?» አለችኝ፣ በቀስታ።

«ማንም።»

«እዚህስ?»

«ማንም የለም፣ ኢንገር።»

«አባትሽ ዕድሜያቸው ስንት ነው?»

መስመሩን በጣቴ ተከተልኩት። ቁልቁለቱን እንደዚያ እያረፉ ወርደዋል። ደረቁ ወንዝ ዳር መስመሩ አለቀ። ነጠብጣቦቹ አንድ ቦታ ላይ ተከምረዋል፤ አንድ ሰዓት ያህል እዚያው። ከወንዙ ማዶ፣ ዳገቱ ላይ፣ ምንም የለም። ሶፊም የለም፣ ሻይም የለም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የአባቴን ስልክ አወጣው።

እዚያው ሆኜ ለረምላ ደወልኩ። «ንገሪኝ» አልኳት። «አስምለውኝ ነው ወላሂ» አለች። «ልባቸው ነው፣ ከዓመት በላይ ሆኖታል። ሐኪሙ ዳገት እንዳይወጡ ከልክሏቸዋል። ወንዙ ጋ ሲያቅታቸው ደወሉልኝ፤ አሽከርካሪ ይዤ፣ ደግፈን እስከ ባጃጁ አወጣናቸው። እንዳይሄዱ ለምኜ ነበር። ‹ልጄ ጠይቃኛለች› ካሉ በኋላ ግን ማን ይመልሳቸዋል?»

ያቺ ልጃቸው እኔ ነኝ። ካርታ አማረኝና ልቡን የታመመ ሽማግሌ ፀሐይ ላይ አወጣሁ። አጠገባቸው ብሆን ኖሮ ደረጃ ሲወጡ አይ ነበር፤ በድምፅ ብቻ የምታውቁት ሰው ግን ሁልጊዜ ደኅና ነው።

ኢንገር የቦታውን የሳተላይት ፎቶ ከፈተችልኝ። ከወንዙ እስከ ሶፊ መንገዱ እንደ ክር ይታያል፤ መስመር ላስምርበት ብል ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። «ቡና ላፈላ ነው» አለችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ሄደች፣ ያቺ ሕግ አክባሪ። አሠመርኩት። ሶፊ አደረስኩት። አስቀምጥ የሚለውን ሳልጫን ስልኬን አነሣሁና ወደ ቤት ደወልኩ።

«ሰብለ! ካርታው ወጣ?»

«ሊወጣ ነው አባባ።»

«ሶፊ ደረሰ?»

ደርሷል ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። «ወንዙ ጋ ቆሟል» አልኩ።

ትንፋሻቸው ይሰማኛል፤ አጭር አጭር ነው። እስከ ዛሬ እንዴት ሳልሰማው ቀረሁ?

«ረምላ ናት የነገረችሽ?»

«መጀመሪያ ስልኩ ነው።»

«አይ መሣሪያ!» ሳቁ፣ ሳቁም አሳላቸው። «ተማሪ ሲያታልለኝ ኖሮ፣ እኔ ደግሞ ማታለል አቃተኝ።»

«አባባ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«ነግሬሽ ምን ልታደርጊ? እዚያ ቁጭ ብለሽ ልታለቅሺ? እዚህ የሚያለቅስ ሞልቷል።»

«ይኸው ከፎቶው ላይ ልጨርሰው ነው» አልኩ። «ትንሽ ነው የቀረው። ሶፊ ደረሰ ማለት ነው።»

«እንዳትጨርሺው!» አሉኝ፣ በዚያ በክፍል ድምፃቸው። ትንሽ ቆይተው ረጋ አሉ። «እኔ የቆምኩበት ላይ ይቁም። ከወንዙ ወዲያ ያለውን አንቺ መጥተሽ ትረግጪዋለሽ።»

«እሺ አባባ» አልኩ።

መቼ ብለው አልጠየቁኝም።