ሳይነገር የዋለ መርዶ

ጋሼ የምላቸው ጎረቤታችን ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከሀገር የወጡ መምህር ነበሩ። ለንደን ስቶክዌል ሰፈር፣ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ብቻቸውን ይኖራሉ። ዓይናቸው ስለደከመ የሚወዱትን የአንድ ስኮትላንዳዊ የጀብዱ ደራሲ መጻሕፍት ቅዳሜ ቅዳሜ አነብላቸው ነበር። እኔ ለንደን የተወለድኩ ነገረኛ ነኝና በየገጹ እንከራከራለን። "ይኼ ደራሲ ጨዋታ ሲያበዛ ተጠንቀቂ" ይሉኛል፤ "ሰው ሊገድል ሲል ነው የሚያስቀን።" እውነታቸውን ነበር፤ ገና ስቀን ሳንጨርስ አንዱ ይወድቃል።

አንድ ቅዳሜ፣ አዲስ አበባ ካሉት ሁለት ሴት ልጆቻቸው ታናሿ መሞቷ ተሰማ። ሽማግሌዎች መርዶው እሑድ ማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ እንዲነገር ወሰኑ። እስከዚያ ስልክ እንዳያነሱ የምጠብቃቸው እኔ ሆንኩ። "ጋሼ፣ ሞባይልዎን አፕዴት ላድርግልዎ" ብዬ አጠፋሁት። ውሸቱ እንዴት እንደቀለለኝ ሳስበው ዛሬም ራሴን ያስጠላኛል።

ማንበብ ጀመርኩ። ደረጃው ላይ ኮቴ ይመጣል፣ የጋሼ በር ጋ ይቆማል፣ ሳያንኳኳ ይመለሳል። በመስኮት ቁልቁል ሳይ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሦስት ሴቶች ወደ እኛ አንጋጠዋል፤ ሲያዩኝ ተበታተኑ። ድምፄ እንዳይሰበር በየቀልዱ ከልክ በላይ ሳቅኩ። ጋሼ አልሳቁም። ሁልጊዜ የሚያደንቁትን ጀግና "ሞኝ ነው" አሉ። "ልክ ነዎት" አልኩ። "ደራሲውም ሰልችቶኛል" አሉ። "ልክ ነዎት።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ዛሬ አልተከራከርሽኝም" አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "ትልቋ ናት ትንሿ?"

መዋሸት አቃተኝ። "ትንሿ" አልኩ።

አላለቀሱም። "በይ፣ አንቺ አልነገርሽኝም። ጠዋት ሲመጡ እሰማለሁ። አሁን ምዕራፉን ጨርሺው።" ጨረስኩት፤ ምን እንዳነበብኩ ግን አላውቅም።

እሑድ ማለዳ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ተከትዬ ገባሁ። ጋሼ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስረው ተቀምጠዋል። አንደኛው አዛውንት "እግዚአብሔር ያጽናዎት" ከማለታቸው ጋሼ ጮኹ፤ እንዲህ ያለ ጩኸት ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። እኔን ላለማጋለጥ ብለው የሚያስመስሉ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። ማስመሰል አልነበረም። ሌሊቱን ሙሉ እኔ ተሳስቼ እንዲሆን እግዚአብሔርን ሲለምኑ ነበር ያደሩት።