ለአራት ሰዓት ሰባት ደቂቃ ጉዳይ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ለመናገር አንድ ጊዜ ሞክሬ፣ «አባ፣ የሰው ጊዜ አባክኛለሁ» ብዬ ጀምሬ ነበር። «ያላባከነ ማን አለ ልጄ» አሉና ስለ ጾሜ ጠየቁኝ። እኔም እፎይ ብዬ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ስምንት ዓመት ሆነው። እንግዲህ እርስዎ አንባቢዬ ይስሙኝ።

ደባርቅ ገበያው አጠገብ ሰዓትና ስልክ እጠግናለሁ። ሙያውን ከመጽሐፍና ከተበላሸ ዕቃ ነው የተማርኩት። የከተማው ሰው «ደቂቃ» ይለኛል። ይህን ስም ያወጡልኝ የአሥራ አንደኛ ክፍል የፊዚክስ መምህሬ፣ መምህር ጥላዬ ናቸው። የበደልኩትም እሳቸውን ነው። ደወል ቀድሜ ደወልኩ። አንድ ቀን ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩም፤ ከኅዳር እስከ ሰኔ ነው የደወልኩት።

ደወላችን ከባሕር ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የጭነት መኪና ቸርኬ ነበር፤ በአጭር ብረት ይመታል። ይደውሉ የነበሩት ዘበኛ ጡረታ ሲወጡ ምትክ ተፈለገ። መምህር ጥላዬ ለርእሰ መምህሩ «ለደቂቃ የሚጠነቀቅ ልጅ አለኝ» ብለው አቀረቡኝ። አልዋሹም። የመጀመሪያውን ወር አንዲት ደቂቃ አልሳትኩም።

ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከእረፍት በፊት የነበረን ፊዚክስ ነው፤ አራት ሰዓት ላይ ያልቃል። መምህር ጥላዬ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ተማሪ በስም ዝርዝር ተራ እየጠሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያወጡ ነበር። ስሌቱን እችለዋለሁ። የማልችለው ስልሳ ስምንት ሰው ፊት ቆሜ አፌን መክፈት ነው። ኅዳር ላይ አንድ ሰኞ፣ ከእኔ በፊት ደብሪቱ የምትባል ልጅ ብቻ ቀረች። እጄን አወጣሁ። «መምህር፣ ደወል ደርሷል» አልኩ። ወጥቼ ቸርኬውን መታሁት። እጄ ላይ ያለው ሰዓት ለአራት ሰባት ጉዳይ ይላል።

የደብሪቱ ተራ ለረቡዕ ተላለፈ። ረቡዕም ለአራት ሰባት ጉዳይ ደወልኩ። ዓርብም ደወልኩ። መምህር ጥላዬ ተራ የማይዘሉ ሰው ስለሆኑ ዝርዝሩ ደብሪቱ ላይ ቆሞ ቀረ። እሷም ምስኪን፣ ዛሬ ነው የምጠራው እያለች ሰባት ወር ሙሉ ተዘጋጅታ መጣች። ዛሬ ምህንድስና ተምራ ተመርቃለች። ይህን ግን ለመከላከያ አላቀርበውም።

እንዴት አልተነቃብህም ይሉኝ ይሆናል። የእረፍቱን ማብቂያ በሰዓቱ ነበር የምደውለው፤ ስለዚህ እረፍቱ በሰባት ደቂቃ ረዘመ። ተማሪ በዚህ አይከፋም። መምህራኑም ሻያቸውን ተረጋግተው ይጠጡ ጀመር፤ አንድ የታሪክ መምህር እንዲያውም ባገኙኝ ቁጥር ትከሻዬን መታ መታ ያደርጉኝ ነበር። ርእሰ መምህሩ ስብሰባ ላይ ናቸው። ደወሉን ከልባቸው ያመኑት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ደዋዩን የሚያምኑት።

መምህር ጥላዬ ከአባታቸው የወረሱት፣ በእጅ የሚሞላ ሰዓት ነበራቸው። ደወሉን ሲሰሙ ሰዓቱን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደቂቃ አይሳሳትም። የዘገየው የኔው ነው» ብለው ሰባት ደቂቃ ወደ ፊት አዞሩት፤ አንዴ ካስተካከሉት ቀኑን መልሰው አያዩትም ነበር። በማግሥቱ የጠዋቱን ደወል ልክ በሁለት ሰዓት ስደውል ደግሞ የእሳቸው ሰባት ደቂቃ ቀድሞ ተገኘ። ወደ ኋላ መለሱት። እንዲህ ሲያመላልሱት ከረሙ። ሁለት ጊዜ ጎንደር ድረስ ወስደው አሳዩት። ሰዓት ሠሪው «ከእኔ የተሻለ ጤና አለው» ብሎ መለሰላቸው።

በመጨረሻ ምክንያቱን አገኙት። «ልጆች፣ የደባርቅን ብርድ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ብረቱ ይኮማተራል፤ ሰዓቴ ይፈጥናል። ፀሐይ ሲሞቀው ይላላል፤ ይዘገያል። ፊዚክስ እዚህ ክንዴ ላይ ነው ያለው» አሉን።

ደብሪቱ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ማክሰኞና ሐሙስ እረፍት ላይ ደኅና የሚሆነው ለምንድን ነው?»

ሰዓታቸውን አዩ። «እሱ ገና ጥናት ይፈልጋል» አሉ።

ነገሩ በአጋማሽ ፈተና መጣ። «የመምህሩ ሰዓት በእረፍት ጊዜ ለምን ይዘገያል? አብራራ። አምስት ነጥብ።» በመላው ደባርቅ ትክክለኛውን መልስ የሚያውቀው አንድ ተማሪ ነበር። እሱም «በሙቀት ምክንያት» ብሎ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ አብራርቶ አምስት ከአምስት አገኘ። ያን ቀን ኅሊናዬ የት ነበር? እሱም እረፍት ወጥቶ ነበር መሰለኝ።

ኋላ ቁጭ ብዬ አስልቼዋለሁ። በሳምንት ሃያ አንድ ደቂቃ፣ በሁለት ሳምንት አርባ ሁለት። አንድ ክፍለ ጊዜ አርባ ደቂቃ ነው። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ በልቼ በላዩ ሁለት ደቂቃ እመርቅበት ነበር። ሰኔ ሲገባ የመጽሐፉ የመጨረሻ ምዕራፍ፣ ኤሌክትሪክ፣ ሳይነካ ቀረ።

ሰኔ ደግሞ ተማሪ መምህሩን የሚገመግምበት ወር ነው። ርእሰ መምህሩ ክፍላችን መጥተው ተቀመጡ፤ አንድ ጸሐፊ ቃለ ጉባኤ ይይዛል። የፊዚክስ መጽሐፍ ለምን እንዳላለቀ ተጠየቀ። «እስኪ ደዋዩ ይናገር፤ ሰዓቱን የሚያውቀው እሱ ነው» አሉ ርእሰ መምህሩ። ያን ያህል ስሸሸው የከረምኩት መቆም መጣ። ቆምኩና «ሁልጊዜ ሳይጨርሱ ደወል ይደርስባቸዋል» ብዬ ተቀመጥኩ። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር። ከዚያ የከፋ ውሸት ግን ተናግሬ አላውቅም። ጸሐፊው ቃል በቃል ጻፈው።

የመምህር ጥላዬ ባለቤት ዳባት ታስተምር ነበር፤ ገና የተወለደች ልጅም ነበረቻቸው። ወደ ዳባት ዝውውር ጠይቀው ነበር፤ ዝውውሩ በግምገማ ውጤት ነው። «መካከለኛ» ተሰጣቸውና ቀሩ። ይህን የሰማሁት መስከረም ላይ ከራሳቸው አንደበት ነው፤ ቸርኬው ሥር ቆመን፣ ብረቱን በእጄ እንደያዝኩ።

«አንድ ዓመት ተጨመረብኝ ደቂቃ» አሉኝ። «ልጄ ቅዳሜ ስታየኝ ታለቅሳለች፤ እንግዳ ነኝ። እሑድ ከሰዓት ስትለምደኝ መኪናዬ ይደርሳል። ቅዳሜ ደግሞ እንደ አዲስ እንተዋወቃለን።»

ያኔ መናገር አልነበረብኝም? ነበረብኝ። «እግዜር ያውቃል መምህር» አልኩና ደወልኩ። በሰዓቱ ነበር የደወልኩት። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ በሰዓቱ ደወልኩ። ምን ይረባል?

ለእኛ ለተማሪዎች ሁለተኛ ደረጃ ማለት እስኪያልቅ የሚጠበቅ ነገር ነበር። አራት ዓመት ደወል ስንጠብቅ ቆየን። እዚያው ክፍል ውስጥ ከፊታችን የቆመው ሰው ዕድሜውን እያሳለፈ መሆኑን ማን አሰበው? እኛ ስንወጣ እሱ ከዘጠነኛ ክፍል እንደገና ይጀምራል። ከእሱ የነጠቅኩት ሰባት ሰባት ደቂቃ ተጠራቅሞ የአንዲት ሕፃን ሙሉ ዓመት ሆነ። ያን የኤሌክትሪክ ምዕራፍ እኔ ኋላ ብቻዬን አጠናሁት። ዛሬ የምበላው በእሱ ነው።

ባለፈው ሐሙስ መምህር ጥላዬ ሱቄ ገቡ። ዳባት ከተዛወሩ ቆይተዋል። ሰዓታቸውን ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«ይህን ጉድ እይልኝ። ዳባት ከገባሁ ጀምሮ አንድ ቀን አልሳተም።»

«ይገርማል መምህር» አልኩ።

«ምን ይገርማል፤ የብርዱ ልዩነት ነው። በየዓመቱ አስተምረዋለሁ። ፈተናም አወጣበታለሁ።»

«አምስት ነጥብ?»

«አሁን አሥር አድርጌዋለሁ።»

ከዚያ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው፣ «አንተ ባለሙያ ነህ። ከፍተህ እየውና ስለ ብርዱ ሁለት መስመር ጻፍልኝ፤ ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ። ሰኞ አራት ሰዓት ላይ እመጣለሁ» አሉ።

ሰዓቱን ከፈትኩት። እንከን የለበትም፤ ኖሮበትም አያውቅም። ሁለት መስመር ጻፍ ተባልኩ፤ የጻፍኩት ይህን ሆነ። ሰኞ ከሰዓታቸው ጋር አስረክባቸዋለሁ። ልጅ ነበርኩ፣ ፈርቼ ነበር አልልም። ልጅም ሆኖ፣ ፈርቶም በሰዓቱ የሚደውል ሞልቷል። ይቅር ቢሉኝ የእሳቸው ቸርነት ነው፤ ባይሉኝ ልክ ናቸው።

ቀስ ብዬ አንብቤ ለካሁት፤ ሰባት ደቂቃ ይፈጃል። እስኪጨርሱ ድረስ ፊታቸው እቆማለሁ። የደብሪቱ ተራ አልፏል፤ አሁን የእኔ ነው።