ሊቲየሙን ማን ነካው?

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ጀማል ከሸዋ ሮቢት ደወለልኝ። ባጃጅ ነጂ ነው። ካራቆሬ ያለ አንድ ነጋዴ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባጃጅ አምጥቶ፣ «ባትሪው ከጨው የተሠራ ነው፤ የእኛን አገር ሙቀት አይፈራም» እያለ እንደሚሸጥ ነገረኝ።

«አክስቴ፣ ጨው ደግሞ መቼ ነው መኪና የሚነዳው? ሰውዬው ሌባ ነው፣ አይደል?»

ሌባ ላይሆን እንደሚችል፣ ጨው የተባለውም የወጥ ጨው ሳይሆን ሶዲየም ያለበት ሌላ ጨው እንደሆነ ላስረዳው ሞከርኩ። «ሰውዬውን ታውቂዋለሽ እንዴ?» አለኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ ጠፋ። እዚያው ሸዋ ሮቢት፣ በዚሁ በሶዲየምና በሊቲየም ሰበብ፣ እኔም በወጣትነቴ ተጠርጥሬ ነበር።

ያኔ የኬሚስትሪ ተማሪ ነበርኩ። የመመረቂያ ሥራዬን የምሠራው ከታደለ ጋር ነው። ታደለ የደብረ ሲና ልጅ ነው፤ ቁጥብ፣ ለሥራው ሟች፣ ዕቃውን ሰው ሲነካበት የማይወድ። ባትሪ ውስጥ በሁለቱ ጫፎች መካከል ኤሌክትሮላይት የሚባል ፈሳሽ አለ፤ እሱም ሥራውን የሚሠራው ጨው ሲሟሟበት ነው። የእኛ ጥያቄ የትኛው ጨው ይሻላል የሚል ነበር። የሊቲየሙ የታደለ፣ የሶዲየሙ የእኔ ድርሻ ሆነና የአዝራር ያህል ትንንሽ ባትሪዎች ሠራን። ሙቀት ላይ እንዴት እንደሚሆኑ ለማየት ስንዘጋጅ የቤተ ሙከራው ማሞቂያ ተበላሸ።

«ሙቀት ከሆነ የቸገረህ፣ ወደ እኛ አገር እንውረድ» አልኩት።

ወሩ ግንቦት ነበር። ደብረ ሲና ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ቆሎ ገዛን፤ ታደለ ሹራቡን እንደለበሰ ነው። ቁልቁለቱን እየወረድን ስንሄድ መጀመሪያ ሹራቡን አወለቀ፣ ቀጥሎ የሸሚዙን ቁልፍ ፈታ፣ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ መናገርም አቃተው። ከአውቶቡሱ ስንወርድ ማንጎ ሻጮቹ ከበቡን። አየሩ የማንጎና የትኩስ አቧራ ሽታ ነበረው። «እዚህ አገር ሰው እንዴት ይተኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። ግቢ ውስጥ እንደሚተኛ ነገርኩት።

ያረፍነው አጎቴ ሰይድ ቤት ነው። አጎቴ የማሾ፣ የዚያች አረንጓዴ ጥራጥሬ፣ ነጋዴ ነበር። ማሾውን የሚያከማችበት ቆርቆሮ ክፍል ቀን ቀን እንደ ምድጃ ይግላል። ሁለቱን የባትሪ ሳጥኖች እዚያ፣ ከጆንያዎቹ አጠገብ፣ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። አጎቴ ሳጥኖቹን ራቅ ብሎ አየና፣ «ይፈነዳል?» አለ። ታደለ እንደማይፈነዳ ሲነግረው፣ «እንግዲያ አማና ነው፤ አደራችሁን ተቀብያለሁ። ቤቴ እስካለ ድረስ የሚነካው የለም» አለው።

ጠዋት ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ባትሪዎቹን እንለካ ነበር። ጥቂት ቀን ደህና ሄደ። ከዚያ የታደለ ሊቲየም ይደክም ጀመር። አንዳንዶቹ እንደ ተነፋ ሆድ አበጡ። የእኔ ሶዲየም ግን ሲጀመርም ብዙ ጉልበት ባይኖረውም፣ ባለበት ጸንቶ ቆመ። ታደለ ሲለካ ፊቱ ይጠቁር ነበር። እኔ ስለካ ደግሞ ትከሻዬ ላይ ሆኖ ያየኛል። ምሳ ላይ፣ በማሽላው እንጀራ ላይ አጎንብሶ፣ «ሐዋ፣ ትናንት ከሰዓት ክፍሉ ገብተሽ ነበር?» ይለኛል። ገብቼ አላውቅም። እኔም በበኩሌ፣ ሲሠራው አበላሽቶት ኖሮ ማሳበቢያ ፈልጎ ይሆን እያልኩ መጠርጠሬ አልቀረም። ቆሎ ከአንድ ወረቀት እንበላ የነበርን ሰዎች ሰላምታችን እንኳ ቀዘቀዘ።

አንድ ቀን ጠዋት አጎቴ ሁለታችንንም ጠራን። ክፍሉ በር ላይ ቆሟል። በማጠፊያው ላይ፣ አተኩረው ካላዩት በቀር የማይታይ ቀጭን ነጭ ክር ተወጥሮ ነበር።

«በቤቴ በር ላይ ይሄን ያሰረው ማነው?»

ታደለ አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ፣ ጋሼ ሰይድ።»

«ለምን?»

«ሰው ይግባ አይግባ ለማወቅ ነው። የእኔ ብቻ ነው የሚበላሸው። የሐዋ ምንም አልሆነም።»

አጎቴ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከኪሱ ቁልፉን አውጥቶ ለታደለ ዘረጋለት። «ሳጥንህን አውጣና ክፍሉን ቆልፈው፤ እኔም አልገባበትም። እስክታረጋግጥ ቁልፉ ካንተ ጋር ይሁን።»

«ማሾዎትስ?» አለ ታደለ።

«ማሾውን ተወው።»

እኔም፣ «ሁለቱንም ጨው አንተው እንደ አዲስ ሥራቸው» አልኩት። «ቤቱንም አንተ ፈልግ። እኔ አልቀርብም።»

እንዳልኩት አደረገ። አዲስ አበባ ተመልሶ ሁለቱንም ሠርቶ መጣና፣ ሸዋ ሮቢት ተመድቦ ከሚያስተምር የአገሩ ልጅ ዘንድ ቆርቆሮ ክፍል አግኝቶ አስቀመጣቸው። በእነዚያ ሳምንታት ሁሉ የአጎቴ ክፍል ተቆልፎ ቆየ። ማሾ ፈላጊ ሲመጣ አጎቴ፣ «ቁልፉ እንግዳዬ ዘንድ ነው» እያለ ይመልሰው ነበር። ሌላ ትርፍ ቁልፍ እንደነበረው አውቃለሁ። አልነካውም።

ታደለ የመጣው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ላቡ ሸሚዙን አጣብቆታል። ሊቲየሙ እዚያም፣ በራሱ እጅ፣ በራሱ ቁልፍ፣ ልክ እንደ መጀመሪያው አብጦ ነበር። አማካሪያችንም ነገሩን አስረድቶታል፦ ያ የሊቲየም ጨው ጥቂት እርጥበት ካገኘው ሙቀት ላይ ይፈርሳል፣ አሲድ ይሆናል። የሶዲየሙ ሙቀቱን በተሻለ ይችለዋል፤ በክብደቱ ልክ ግን የሊቲየሙን ያህል ጉልበት አይዝም።

«ጋሼ ሰይድ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ፤ ቁልፉን በሁለት እጁ አቀረበ።

«አንተው ክፈተው» አለው አጎቴ።

በሩ ሲከፈት ሽታው ቀድሞን ወጣ። ማሾው ነቅዟል። አጎቴ ከጆንያው እፍኝ ዘግኖ እፍ አለበት፤ ብናኙ በነነ። «ይቅር ብያለሁ» አለ፣ እጁን አራገፈና ለከሰዓቱ ሶላት፣ ለአስር፣ ውዱእ ሊያደርግ ሄደ።

ታደለ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ግቢ አወጣ። ማሾውን ሸራ ላይ ዘርግቶ፣ ፀሐይዋ እስክትጠልቅ እያጎነበሰ ያነፍስ ነበር። እኔም ሰፌድ ይዤ አገዝኩት። ስለ ማሾው አወራን፣ ስለ ሙቀቱ አወራን። እኔን ይቅርታ አልጠየቀኝም። ያኔም፣ ከተመረቅን በኋላም። ዛሬ ሰርግ ላይ ስንገናኝ ልጆቻችንን እንጠያየቃለን፤ ያን ግንቦት ግን አንዳችንም አናነሳውም።

ለጀማል ትናንት መልሼ ደወልኩለት። «ባትሪውን የፈለግከውን ያህል ጠርጥር፤ አንድ በጋ ሮቢት ላይ ሲሠራ ሳታይ አትመን። ሰውዬውን ግን ሳታጣራ ሌባ አትበለው» አልኩት። «እሺ አክስቴ» አለኝ፤ ድምፁ ግን እሺ ያለ ሰው ድምፅ አልነበረም። አልፈረድኩበትም። የመለካትን ሙያ ስማር ዕድሜዬን ጨርሻለሁ፤ የሰው ልብ ውስጥ የገባን ጥርጣሬ የሚለካ መሣሪያ ግን እስካሁን አላየሁም። ወጣ ይባላል፤ መውጣቱን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው።

የማስተምርበት ቤተ ሙከራ ብቻዬን ከገባሁ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ በድንጋይ አስደግፈዋለሁ፤ ከኮሪደሩ የሚያልፍ ሁሉ እጄን እንዲያይ። ተማሪዎቼ የሸዋ ሮቢት ልጅ ሆኜ ሙቀት የማልችል ይመስላቸዋል።