ያልተቆረጡት ዘሮች

ከባለቤቴ ጋር በመጨረሻ የሠራነው ሥራ የግራር ዘር በጥፍር መቁረጫ መቁረጥ ነበር። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው፤ ካዛንቺስ በነበረው ቤታችን፣ ሳህኑ ገና ሳይነሣ። እሱ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ችግኝ ጣቢያ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ዓይኑ ስለደከመ እሱ ዘሩን በጣቱ ዳብሶ የሚቆረጠውን ጎን ያሳየኛል፣ እኔ እቆርጣለሁ።

የግራር ዘር ቅርፊቱ ውሃ አያስገባም። እንዲሁ ቢዘሩት፣ ዝናብም አፈርም ሳያጣ፣ አንድ ዓመት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ተኝቶ ይቆያል። ፅንሱ ካለበት ጫፍ በተቃራኒ በኩል ቅርፊቱ ትንሽ ከተነካ ግን ውሃ ይገባና በሳምንት ገደማ ይበቅላል። መቁረጫው ጠልቆ ከገባ ደግሞ ዘሩ ይበሰብሳል። እኔ ሁለት ሦስቱን አበላሸሁ።

"ሥጋ የምትመትሪ መሰለሽ እንዴ?" አለኝ።

ግማሹን እንደቆረጥን የቀረውን ዘሩ ወደነበረበት ፖስታ መለሰው። ለምን እንደተወው ጠየቅሁት።

"ሁሉንም ከቀሰቀስናቸው አንድ ክፉ ሳምንት ሁሉንም ይወስዳቸዋል። እነዚህ በራሳቸው ጊዜ ይነሡ።"

ከአንድ ዛፍ የወረደ ዘር እንኳ በአንድ ክረምት አብሮ እንደማይበቅል፣ ዛፉ ዘሩን የሚያተርፈውም በዚህ እንደሆነ ነገረኝ። እኔ ሳህኖቹን አነሣሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሁሉንም በጥቁር ላስቲክ አፈር ውስጥ ዘርቷቸው ጠበቀኝ፤ ውሃ ውስጥ ያደሩትን የተቆረጡትን በበሩ በኩል፣ ያልተቆረጡትን በአጥሩ በኩል። ሰኞ ጠዋት ሸሚዙን እየለበሰ ወደቀ። ሐኪም ቤት ስንደርስ አልፎ ነበር።

ድንኳን ሲተከል የዕድር ሰዎች ላስቲኮቹን ሰብስበው ከኩሽናው ጀርባ ቆርቆሮው ሥር ደረደሯቸው። በመስኮት አይቻለሁ። ሐዘንተኛ ከፍራሽ አይነሣም፤ የሚጠጣውን እንኳ የሚያቀርቡለት ሌሎች ናቸው። የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቹ አጠገቤ ተቀምጠው፣ ችግኝ ሲጠማ ማየት እንደማይወድ እያነሡ ያወራሉ። አንዷን ጎረቤት ጠርቼ ላስቲኮቹን አጠጪልኝ ማለት እችል ነበር። ባሏን በቀበረች ማግስት ስለ ችግኝ ታወራለች ይሉኛል ብዬ ዝም አልኩ። በየቀኑ አሰብኩት፣ በየቀኑም ዝም አልኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ወጥቼ ሳይ የተቆረጡት በሙሉ በቅለው በሙሉ ደርቀዋል። እንደ ክር ሆነው አፈሩ ላይ ወድቀዋል። በሌሎቹ ላስቲኮች ላይ ምንም አልነበረም።

የቀሩትን አጠጣኋቸው። ክረምቱ መጥቶ አለፈ፤ አልበቀሉም። ከዚያ ሰፈሩ ይፈርሳል ተባለና ጎተራ ኮንዶሚኒየም ቤት አገኘሁ። ዕቃ ሊያስሩልኝ የመጡት የባለቤቴ ታላቅ እህት ላስቲኮቹ አጠገብ ወገባቸውን ይዘው ቆሙ።

"አንቺ፣ ይሄ እኮ አፈር ነው።"

"ዘር አለበት፣ እትዬ።"

"ታዲያ ቆፍረሽ አውጪና እንደ ፊተኞቹ ቁረጪዋ። በሳምንት ይወጣልሻል፣ ካልወጣም ቁርጥሽን ታውቂያለሽ።"

ልክ ነበሩ። እጄ ሥራውን ለምዶታል። ቢበቅሉ እሱ የዘራውን አያለሁ፤ ባይበቅሉም መጠበቁ ያበቃል። አንዱን ላስቲክ በጣቴ ቆፍሬ ዘሩን አወጣሁት። የሞተ ዘር እርጥብ አፈር ውስጥ ከቆየ እንደሚለሰልስ ነግሮኝ ነበር። ይሄኛው በጥፍሬ ብጫነው አልተጫነልኝም። በቀሚሴ ጠርጌ ትንሽ አየሁት፣ ከዚያ መልሼ ቀበርኩት።

"እሱ የተዋቸውን አልቆርጥም" አልኳቸው። "የፊተኞቹ ይበቁኛል። ዝም ብዬ ነው የገደልኳቸው።"

እትዬ ጎንበስ ብለው አንዱን ላስቲክ አንሥተው ወደ መኪናው ሄዱ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ከላይ ሆኖ ተቀበላቸውና ወደ እኔ ዞረ፤

"እማማ፣ ጎተራ አፈር የለም አሉዎት?"

እትዬ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። አፈሩን ከፍራሹ አርቆ እንዲያስቀምጠው ነገርኩት።

ላስቲኮቹ አሁን ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ናቸው። እስካሁን የወጣ የለም። አንድ ቀን እያለፍኩ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ አጠጣቸዋለሁ።