ብረት ያለው ብዕር

ናስ በእጅ ሲታሽ የሚተወውን ሽታ ታውቀዋለህ? ትናንት የግቢያችን ቧንቧ አልከፈት ብሎኝ መክፈቻውን ስታገል ቆየሁና ጣቴን ባሸተው ያው ሽታ መጣብኝ። ሳንቲም ሳንቲም፣ ደም ደም የሚል። ወዲያው መክፈቻውን ለቅቄ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ልጆቹ ደክሟት ነው ብለው ወንበር አመጡልኝ። ኧረ ደክሞኝስ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ቧንቧ ፈራሁ! ቁጭ በልና ልንገርህ።

አባቴ ከወሎ መጥቶ መቐለ የከተመ አናጢ ነበር። ጣሊያን ከተማውን ሲይዝ የበርና የመስኮቱን ሥራ ጣሊያኖቹ አናጢዎች ወሰዱበትና ብዕር መሥራት ጀመርን። ጀመርን የምለው እኔም እኩል ስለምሠራ ነው። ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ እናቴ ሞታለች፤ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ። እንጨቱን የምመርጠው እኔ ነኝ። የጠቆረ ወይራ፣ ቀላ ያለ ጥድ፣ ፈዘዝ ያለ ዋንዛ። ከጣት አንጓ ያነሰ ቁራጭ እየቆረጥኩ እደረድራለሁ፤ በየመሀሉ ቀጭን የናስ ቀለበት እናስገባና በሙጫ እናያይዘዋለን። ሲደርቅ እኔ በላዩ የተጠመጠመውን ጠፍር እየጎተትኩ አሽከረክረዋለሁ፣ እሱ መሮውን ደቅኖ ያለሰልሰዋል። የጥዱ ሽታ ቤቱን ያውደዋል፤ በበሩ በገባው ብርሃን ውስጥ የእንጨቱ ብናኝ ሲጨፍር ይታየኛል። ጫፉ ላይ ከሱቅ የተገዛ መጻፊያ ሹል ሲሰካበት ያየው ጸሐፊ ሁሉ ይሻማበት ነበር።

ናሱን ከየት ታመጡት ነበር በለኛ። ከቀለህ ነዋ! ጥይቱ ከተተኮሰ በኋላ የሚወድቀው ባዶ ቀለህ በየሜዳው ሞልቶ ነበር፤ እየለቀምን በመጋዝ እንቆርጠዋለን፣ በሞረድ እናስተካክለዋለን። ጣሊያን ግን መሣሪያ ያለህ አስረክብ ካለ ወዲህ ቀለህ ቤቱ የተገኘበት ሰው መውጫ የለውም። ጥይቱን በማን ላይ ተኮስከው? ጠመንጃውስ የት አለ? ነው የሚሉት። የእኛ ቀለህ በከረጢት ሆኖ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ሥር፣ የእንጨት ፍቅፋቂ ለብሶ ተቀምጧል። አባቴም «ቀለበት ያለውን ከቤት እንዳታወጪ፣ የፈለገ እዚሁ ይምጣ» ብሎኛል። ገበያ የምወስደው ከእንጨት ብቻ የተሠራውን ነበር።

እና እኛ ቤት ናሱን ናስ ብሎ የሚጠራው አልነበረም። ብረት ነው የምንለው። ብረት ያለው ብዕር፣ ብረት የሌለው ብዕር። ጉዱ እዚህ ላይ ነው።

ሰኞ ገበያ ነው። ጨው ነጋዴዎቹ ግመሎቻቸውን እያንበረከኩ ይጯጯሃሉ፤ አቧራው አይጣል ነው። ለሰው ደብዳቤ እየጻፈ የሚተዳደር አንድ ሰውዬ መጥቶ ብዕሮቼን ሲያገላብጥ ቆየና «ያኛው የለም ወይ?» አለኝ። እኔ ደግሞ አፌ መች ያርፋል! እንዲሰማኝ ብዬ ጉሮሮዬን ከፍቼ «ብረት ያለውን ነው? ብረት ገበያ አናወጣም! ቤት ነው፣ አባዬ ጋ አለልህ!» አልኩት። ሰውየው ፊቱ አመድ መሰለ። ዞር ዞር ብሎ አየና ብዕሩን አስቀምጦ ሄደ። ምን ነካው እያልኩ ዕቃዬን ሰበሰብኩ።

የገባኝ ቤት ገብቼ ሽንኩርት ስልጥ ነው። ብረት ማለት እኮ ጠመንጃም ነው! በአማርኛም በትግርኛም። ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። እዚያው ፊት ለፊቴ አባቴ እያፏጨ ሞረዱን ይጠርጋል። ልንገረው አልኩ፤ አፌን ከፈትኩ፤ «ሽንኩርቱ አቃጠለኝ» አልኩት። ፈራሁት። ማንም አልሰማም ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

በማግስቱ ጠዋት መጡ። ለጣሊያን የተቀጠሩ ሁለት አስካሪ ወታደሮች፣ አንድ ጣሊያን፣ አንድ ያገር ሰው አስተርጓሚ። አንደኛው አስካሪ ገና ከበሩ ሳይገባ ጠመንጃውን አባቴ ላይ አዙሮ «ብረት ኣሎካ ዶ?» አለው። ብረት አለህ ወይ ነው።

አባቴ ምስኪኑ የብዕሩን ወሬ ሰምተው የመጡ መሰለው። ጥቂቱን ብዕር አምኖ የቀለሁን ከረጢት ሊያድን አሰበ።

«አለ ጌታዬ። ብዙም አይደል።»

«ስንት?»

«ሰባት ቀርቶኛል። ሌላውን ሸጫለሁ።»

«ለማን?»

«ለጸሐፊ ነዋ። ለቄስም፣ ለሸህም ሸጫለሁ።»

ወይ አምላኬ!  አስካሪው የጠመንጃውን አፍ ደረቱ ላይ ተከለው። አባቴ ስለ ብዕር ሲያወራ እነሱ ጠመንጃ እንደሰሙ ከሁሉም በፊት የገባኝ እኔ ነኝ፤ ግን ምን ልበል? ብዕር ነው ብል አምጪ ሊሉኝ ነው። ባመጣ ቀለበቱን ሊያዩ ነው፤ ቀለበቱን ካዩ ጠረጴዛውን ሊገለብጡ ነው። ዝም ብል ደግሞ አባቴን ይወስዱታል፤ ተወስዶ የተመለሰ ሰው አላየሁም። 

አስተርጓሚው ቃሉን ሊጽፍ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ከቦርሳው ወረቀት አወጣ፣ ቀለም አወጣ፣ ብዕር አወጣ። ብዕሩ የእኛ ነበር። ሁለት ወይራ፣ በመሀሉ ጥድ፣ ሁለት ቀለበት፤ በእጄ የደረደርኩት። ከማን እጅ እንደገዛው እንጃ፣ እኛ ቤት ግን መጥቶ አያውቅም። ፈዝዤ ሳየው አየኝ።

«ወንድሜ፣» አልኩት፤ ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም፤ «እኛ ብረት ያለው የምንለው እኮ… የያዝከውን ነው።»

እጁ ቆመ። ቀለበቱን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። ብልህ ሰው ነበር፤ ናሱ ከምን እንደተቆረጠ ወዲያው ገባው፤ እሱም እንደ እኛ ቀለህ ይዞ መቀመጡ ጭምር። ፊቱ ላይ ላብ ችፍ አለ። ብዕሩን በወረቀቱ ሸፍኖ ወደ ቦርሳው መለሰና ቀስ ብሎ «ስቕ በሊ» አለኝ፣ ዝም በይ ለማለት። ከዚያ ወደ ጣሊያኑ ዞሮ መጋዙን፣ መሮውን፣ ሞረዱን እያመለከተ፣ ብረት ያለው ይህን ነው ለማለት ይመስለኛል፣ በቋንቋቸው ብዙ አወራ።

ጣሊያኑ አላመነም መሰለኝ፤ ወደ ጠረጴዛው መጣ። ፍቅፋቂውን በጫማው ገፋ አደረገ። አንዴ። ሁለቴ። ከከረጢቱ የቀረው ስንዝር ቢሆን ነው። ያኔ እግሬ ሥር ሞቀኝ። አዎ፣ የደረስኩ ልጃገረድ በወንዶች ፊት ቆሜ ሸናሁ። ውሃው በፍቅፋቂው ሥር እየሄደ ወደ ጫማው ሲደርስ ጣሊያኑ አየና ፊቱን አጨማዶ፣ እግሩን አራግፎ ወደ ኋላ አፈገፈገ። የሆነ ነገር ተሳድቦ ወጣ።

ብረት ፍለጋ መጥተው ባዶ እጃቸውን አይመለሱ ነገር፣ መጋዙንም መሮውንም ሞረዱንም ጠራርገው ወሰዱት። መዶሻ እንኳ አላስቀሩልንም። አባቴ ከበሩ ላይ ሲያያቸው ቆየና ውሃ ቀድቶ መጣ። ወለሉን ራሱ አጠበው። «አብሽሪ፣ አብሽሪ፣ አይዞሽ» ይለኛል፣ ጨርቁን እየጨመቀ።

ከዚያ በኋላ ብዕር አልሠራንም። አባቴ መንገድ ሥራ ገብቶ ድንጋይ ተሸከመ፤ ያ ፀጉር የሚያህል መስመር የሚያወጣ እጁ ተሰነጣጥቆ ቀረ። ጎረቤት «ማን ይሆን የጠቆመባችሁ?» ሲለው «አላህ ያውቃል» እያለ ወሬ ይለውጣል። ባለ ቁጥር ጀርባዬን ሰጥቼ እሳት አቀጣጥላለሁ። ጣሊያኑን እንደዚያ አልፈራሁትም፤ አባቴ አንድ ቀን ያውቅብኛል ብዬ የፈራሁትን ያህል። ጣሊያን ሄደ፣ እኔም አገባሁ፣ ፍርሃቱ ግን አብሮኝ ኖረ።

አባቴ ሲታመም ላስታምመው ቤቱ ገባሁ። ከአልጋው የማይነሣ ሲሆን አላስችል አለኝ።

«አባዬ፣ ያን ጊዜ የጠቆመብህ ሰው የለም። የኔ አፍ ነው። ገበያ መሀል ጮኼ ነው።»

«አውቃለሁ» አለኝ። «ደብዳቤ ጸሐፊው በሦስተኛው ቀን መጥቶ ነግሮኛል።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልከኝ?»

«ወለሉን ያጠብኩት እኔ አይደለሁ እንዴ፣ ልጄ? በዚያ ፍርሃትሽ ላይ ምን ልጨምርብሽ?»

ውሃ ጠየቀኝ። ሳቀርብለት ውሃው በእጄ ላይ ፈሰሰ፤ ብርጭቆውን እሱ ያዘልኝ።